እትዬ ብርቄና የቻይንኛው ወረቀት

ስልኬ ሲጮኽ የአንድ ቁም ሣጥን በር እየላግሁ ነበር። ጋሽ መኰንን ናቸው፤ የእትዬ ብርቄ ወንድም፣ ከሳንሱሲ። ሰላምታ አላስቀደሙም።

«ታምራት፣ ብርቄ አረፈች» አሉኝ። «ዛሬ ጠዋት። ፊቷን ልትታጠብ ተነሥታ እዚያው ወደቀች።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። መላጊያውን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ከሥራ ቤታችን በራፍ አጠገብ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ እሳቸው የሚቀመጡባት ድንጋይ አለች። ያልጨረሷቸው ጆንያዎች እንደ ተቆለሉ ነበሩ። ወዲያው ከአጣና ተራ በኩል አንድ የእህል ነጋዴ መጣና «እትዬ ብርቄ የሉም እንዴ? ጆንያዬን ጨረሱልኝ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አልጨረሱም» አልኩት። ሞተዋል ማለት አቃተኝ። ሰውየውም «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

በለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ድንኳኑ የተተከለው እዚያው ኮልፌ፣ አርባ ዓመት በኖሩበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ይዘምራሉ። ከጎጃም የመጡት ዘመዶቻቸው መዝሙሩ እስኪያልቅ ዝም ብለው ይጠብቁና ጋብ ሲል እንደ አገራቸው ያለቅሳሉ። ሁሉም ስለ ደግነታቸውና ስለ ጸሎታቸው ያወራል። ያሉት ሁሉ እውነት ነው። በእኔ ዓይን ላይ የሚመላለሰው ግን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ያን ቅዳሜ እትዬ ብርቄን የቻይና የጥንት ዕቃዎች ኤግዚቢሽን የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

እትዬ ብርቄ ጆንያ ሰፊ ነበሩ። ከእህል ነጋዴዎች የተቀደደ ጆንያ ይሰበስቡና ጥፈው ይመልሳሉ። ትልቋን የጆንያ መርፌ በከንፈራቸው ነክሰው ነው የሚያወሩት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያን የታፈነ አነጋገራቸውን ለምዶት ነበር። ጆንያ ሲፈትሹ ደግሞ ጭንቅላታቸውን ውስጡ ከትተው ወደ ፀሐይ ይዞራሉ። ቀዳዳው ከውስጥ ሲያዩት እንደ ኮከብ ያበራል ይሉኝ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሲስቅባቸው ከጆንያው ውስጥ ሆነው «ሳቁ፣ ሳቁ! ቀዳዳውን ሳያይ የሚሰፋ ሰው መርፌውን ነው የሚያደክመው» ይላሉ።

ሥራ ቤቱን በተከራየሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነገር አስተማሩኝ። ለአንድ ደንበኛ ቁም ሣጥን ስሠራ አንዱ ጣውላ ተሰነጠቀብኝ። ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኜ ቀለም ቀባሁበት። እትዬ ብርቄ ከድንጋያቸው ሆነው ሲያዩኝ ኖሯል።

«ሰውየው ያውቀዋል?» አሉኝ።

«ከየት ያውቃል? አይታይም እኮ።»

መርፌውን ከአፋቸው አወጡ። አንድ የጣፉትን ጆንያ አንሥተው ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝ። መጣፊያው በላይ በኩል ነው፤ በጥቁር ክር፣ ከሩቅ እንዲታይ ሆኖ የተሰፋ። «እኔ መጣፊያዬን በውስጥ በኩል አላደርግም» አሉ። «ገዢው ጆንያው የት ላይ ደካማ እንደ ሆነ አውቆ ነው የሚሸከመው። አለዚያ መንገድ ላይ እህሉ ይፈስበታል፤ የሚሰድበው ደግሞ እኔን ነው።»

ጣውላውን ቀየርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ልጃቸው ሆንኩ፤ እሳቸውም ለእኔ እንደ እናት።

የራሳቸው ልጅ አንዲት ናት፤ ሜሮን። አባቷ ገና ጡት ሳትጥል ነው የሞተው። ሜሮን ካደገች በኋላ ቻይና እየተመላለሰች ጫማና የልጆች ልብስ ታመጣና ለሱቆች ታከፋፍል ነበር። በሦስተኛው ጉዞዋ አንድ የምታውቀው ሰው «እግረ መንገድሽን ይህችን ሻንጣ ለወንድሜ አድርሺልኝ» ብሎ ሰጣት። እዚያ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ሻንጣው ተከፈተ። በገበሩ ውስጥ ዕፅ ተሰፍቶበት ነበር። ሰጪው ሰው ያን ሰሞን ከሰፈር ጠፋ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እትዬ ብርቄ ይህን ለማንም ሳይናገሩ ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። «ሻንጣዋን ቤቴ አይቻታለሁ። ጥሩ ሻንጣ ነበረች። በውስጧ እጄን አሳልፌባታለሁ። ስፌቷ ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ መሆኑን እጄ አውቆታል፣ ታምራት። አፌ ዝም አለ። ልጄ ተጣድፋ ነበር፤ ነገር እንዳላበዛባት ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዕፅ መሆኑን በምን ያውቃሉ፣ እትዬ» አልኳቸው። እጃቸውን ገልብጠው አዩትና መልሰው መስፋት ጀመሩ።

ከተያዘች ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ወረቀት መጣ። እዚያ የምትኖር የሜሮን ጓደኛ ከጠበቃዋ ተቀብላ በመንገደኛ እጅ የላከችው ነው። ሁለት ገጽ ነው፤ በሙሉ ቻይንኛ፣ ከግርጌው ቀይ ክብ ማኅተም ያለበት። ጓደኛዋ ለጋሽ መኰንን በስልክ «የፍርድ ወረቀት ነው፤ እኔ ማንበብ አልችልም» ካለች በኋላ ስልኳ አልሠራም።

ጋሽ መኰንን ወረቀቱን ኮፒ አድርገው መሀል ከተማ አንድ አስተርጓሚ ዘንድ ወሰዱት። ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኔ ሥራ ቤት መጡ። እትዬ ብርቄ ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ጋሽ መኰንን የእንጨት ብናኙ ላይ ቁጭ አሉ፤ ልብሳቸውንም አላሰቡም።

«ሞት ፈርደውባታል» አሉኝ። «ለሁለት ዓመት ታግዶ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንጃ። ሰውየው ሲያነብልኝ ‹ይበቃል› ብዬ ተነሣሁ።»

እትዬ ብርቄ ደም ግፊት ነበረባቸው። ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ክፉ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ይመከርበታል፣ ሰዓት ይመረጥለታል። ጋሽ መኰንን፣ እኔና አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ተማከርን። «ገና አልተፈረደም፤ ወረቀቱ የቀጠሮ ነው» እንዲባሉ ተስማማን። «ሁለቱን በአንድ ቀን አልቀብርም» አሉ ጋሽ መኰንን። ያን ሲሉ ማን ይቃወማቸዋል?

እንዲህ አድርገን አሥራ አራት ወር ቆየን።

እትዬ ብርቄ ግን አላመኑንም። ወረቀቱን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው በጡታቸው መሀል ይዘውት ይዞራሉ። የቀጠሮ ወረቀት ከሆነ ቀኑ መቼ ነው ይላሉ። ቀኑ ሲነገራቸው ያልፋል፤ ሌላ ቀን እንፈጥራለን። ሲዘምሩ ከኖሩበት የመዘምራን ቡድን ወጡ። ጎረቤት «አይዞሽ» ሲላቸው «አይዞሽማ ሁሉም ይለኛል፤ የሚነግረኝ ነው የጠፋው» ይሉ ጀመር።

አንድ ጠዋት ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ቻይኖች ቦይ እያስቆፈሩ መሆኑን ሰምተው በእግራቸው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። በእጃቸው አንድ እሽግ ብስኩት ይዘዋል።

«ወረቀቱን ለአንዱ ሰጠሁት» አሉኝ። «ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ አነበበ። አማርኛ አያውቅም፣ እኔ የእሱን አላውቅም። ሲጨርስ አጣጥፎ መለሰልኝና ኪሱ ገብቶ ይህን ብስኩት ሰጠኝ።» ብስኩቱን ወደ እኔ ዘረጉት። «ምን ቢያነብ ነው፣ ታምራት፣ ብስኩት የሰጠኝ?»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። መጋዙን አስነሣሁ፤ ጩኸቱ እንዲሸፍነኝ።

የኤግዚቢሽኑ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መሀል ከተማ ባለ አንድ አዳራሽ የሥዕልና የጥንት ዕቃ ኤግዚቢሽንና ሽያጭ ሊደረግ ነበር፤ ትልቁ ክፍል የቻይና ነው። የመስታወት ማሳያ ሣጥኖቹን እንድሠራ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ሳስረክብ አዘጋጆቹ ሁለት የመግቢያ ካርድ ሰጡኝ። ካርዶቹን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተውኳቸው። እትዬ ብርቄ ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ካርዱ ላይ ያለውን የቻይንኛ ጽሑፍ ከወረቀታቸው ያውቁታል።

«ይሄ የምንድን ነው?»

«የቻይና የጥንት ዕቃ የሚታይበት ነው፣ እትዬ።»

መርፌውን ከአፋቸው አወጡ። «ቻይኖች ይኖሩበታል?»

«አዎ፣ ራሳቸው ናቸው ይዘውት የሚመጡት» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ።

ለጋሽ መኰንን ስደውል «ካርዱ ጠፋ በላት» አሉኝ። አላልኩም። ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ዕቃውን በቶሎ አሳይቼ፣ ከሰው ጋር ሳላገናኛቸው ለምሳ እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነው። ይህም ጥሩ ዕቅድ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ የመዘምራን ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ታክሲ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። «ዛሬ ጌታ ከፈቀደ አውቃለሁ» አሉኝ። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል ፊቴን ወደ እሱ ማዞሬ እንኳ ዕረፍት ሆነኝ።

አዳራሹ ቀዝቃዛና በብርሃን የተሞላ ነበር። ሰው የሚያህሉ፣ በነጭ ላይ በሰማያዊ የተሣሉ ማሰሮዎች ቆመዋል። ከመዳብ የተሠሩ ዕቃዎች አሉ፤ ላያቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ሽቦ በአበባና በወፍ ቅርጽ ተጣጥፎ፣ በየመሀሉ ቀለም ፈስሶበታል። ቀይ ቀለም ደጋግሞ እየተቀባ ከወፈረ በኋላ እንደ እንጨት የተቀረጸ ሣጥን አለ። አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ አለች፤ ተራራና ጀልባ ከውስጥ በኩል ተሥሎባታል። በሌላ ቀን ቢሆን እኔ እንጨት ሠሪው ከዚያ ቤት አልወጣም ነበር። ወጣቶች በየማሰሮው አጠገብ እየቆሙ ፎቶ ይነሣሉ።

«እትዬ፣ ይህን ማሰሮ ይዩልኝ» አልኩ።

በጨዋነት አዩት። «ትልቅ ነው። ምን ይቀመጥበታል?»

«ምንም። ለማየት ነው።»

«ለማየት ብቻ?» አሉና ወደ መጀመሪያው ዕቃ ሻጭ ሄዱ።

ወጣት ቻይናዊ ነው። ወረቀታቸውን ሲዘረጉለት የዋጋ ጥያቄ መስሎት ፈገግ ብሎ አንድ ባለ ቀለም መጽሔት ሰጣቸው። ሁለተኛዋ ሴት ናት። ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት መስመር ያህል አነበበች፤ ከዚያ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠቻቸውና ዓይኗን ሰብራ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። «አየህ? ይቺኛዋ ደግሞ ብስኩት የላትም።»

«እንሂድ፣ እትዬ። እነዚህ ነጋዴዎች ናቸው፤ ስለ ፍርድ ቤት ምን ያውቃሉ?» አልኩ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ መውጫው መራኋቸው። እኔ በሠራሁት በአንዱ የመስታወት ሣጥን አጠገብ ስናልፍ እግራቸው ቆመ።

ውስጡ አንዲት ጎድጓዳ ሳህን ነበረች። ነጭ ናት፤ በሰማያዊ ሐረግ ተሥሎባታል። አምስት ቦታ ተሰብራ ኖሮ በስንጥቆቹ ላይ እንደ ጤፍ ቅጠል ቀጫጭን የናስ ማያያዣዎች ተደርድረውባታል።

«ይቺ ተሰፍታለች» አሉ።

ጎንበስ ሲሉ ትንፋሻቸው መስታወቱን አደበዘዘው። የሳህኗ ባለቤት፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ ቻይናዊ ሽማግሌ፣ ከወንበራቸው ሆነው ያዩናል። እትዬ ብርቄ ከቀሚሳቸው አንገት ላይ የጆንያ መርፌያቸውን ነቅለው ለሽማግሌው አሳዩ፤ ከዚያ ወደ ሳህኗ ጠቆሙ፤ ከዚያ ወደ ራሳቸው። ሽማግሌው ተነሡ። ሣጥኑን በቁልፍ ከፍተው ሳህኗን አወጡና በእትዬ ብርቄ እጅ ላይ አስቀመጧት።

እትዬ ብርቄ ሳህኗን ገልብጠው ወደ ፊታቸው አስጠጉና ወደ መብራቱ ዞሩ፤ ልክ እንደ ጆንያ ከውስጥ ሆነው ቀዳዳ ፈለጉባት። አላገኙም። ሽማግሌው ሳቁ። እጃቸውን አንሥተው አንዲት ልጅ ጠሩ። ቤዛ ትባላለች፤ ቻይና ተምራ የመጣች ኢትዮጵያዊት አስተርጓሚ ናት።

«እሳቸውም ጠጋኝ ናቸው» አለች ቤዛ። «ከአባታቸው ነው የተማሩት። ማያያዣው እስከ ውስጥ አይዘልቅም፣ ቀዳዳው እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚበሳው ይላሉ። ውኃ አያፈስም። ‹እርስዎ ምን ይሰፋሉ?› እያሉ ነው።»

«ጆንያ ነው በያቸው። እሳቸውም እንደ እኔ በላይ ነው የሰፉት፤ ጥሩ ሰው ናቸው በያቸው።»

ስትነግራቸው ሽማግሌው በራሳቸው ቋንቋ ረዘም አድርገው መለሱ። ቤዛ ሳትተረጉመው እትዬ ብርቄ ሳቁ፤ ከዓመታት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ሳህኗን በጥንቃቄ መልሰው፣ እጃቸውን ጡታቸው መሀል ከትተው ወረቀቱን አወጡ።

«እንግዲህ ይህን አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

ቤዛ አነበበች። ሽማግሌውም ከትከሻዋ በላይ አጎንብሰው አነበቡ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ከእትዬ ብርቄ ኋላ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩላት። አትንገሪያቸው ማለቴ ነው። ገባት።

«ረጅም... ረጅም እስራት ነው የሚለው፣ እናቴ» አለች።

እትዬ ብርቄ ወደ ኋላ አልዞሩም። «ልጄ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ምን አለሽ?»

ቤዛ ወረቀቱን ልታጣጥፈው ጀመረች።

«ስሚኝ። እሱ ደግ ልጅ ነው። የወለድኳት ግን እኔ ነኝ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ፊቴን እያየ ልጄን ደብቆኛል። አንቺ አትደብቂኝ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «የተጻፈውን እንደ ተጻፈ።»

ቤዛ እያለቀሰች አነበበች። የሞት ፍርድ። ለሁለት ዓመት የታገደ።

እትዬ ብርቄ አልጮኹም። ዙሪያቸውን እንደ ማየት አሉና ጥቂት እርምጃ ሄደው፣ በቀይ ገመድ የታጠረ አንድ ጥቁር ባለ ቅርጽ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥበቃው ሮጦ መጥቶ «እናት፣ እዚህ አይቀመጡም» አለ። ቻይናዊው ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉት። ውኃ አስመጡ። እትዬ ብርቄ ውኃውን ይዘው ሳይጠጡ ቆዩ።

«የታገደ ማለት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ተናገሩ፤ ቤዛ ተረጎመች። በሁለቱ ዓመት ውስጥ አዲስ ጥፋት ካላጠፋች ብዙ ጊዜ ወደ ዕድሜ ልክ ይለወጣል አሉ። እርግጠኛ መሆን ግን አይችሉም። ቤዛ ወረቀቱን ገለበጠች።

«ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለችበት እስር ቤት አድራሻና የእስረኛ ቁጥሯ አለ። በየወሩ አንድ ደብዳቤ ከቤተሰብ መቀበል ትችላለች ይላል። በቻይንኛ ከሆነ ቶሎ ይደርሳታል፤ እሷ መጻፍ የምትችለው ለመጣላት ደብዳቤ መልስ ብቻ ነው ይላል።» ቀና ብላ አየችን። «ጽፋችሁላታል አይደል?»

ጋሽ መኰንን የመጀመሪያውን ገጽ ሰምተው ነው የተነሡት። ሁለተኛውን ማንም አላነበበውም። ለመደበቅ ስንቸኩል፣ ልጅቷ የሞት ፍርዷን ታቅፋ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ አንዲት መስመር ደብዳቤ እንድትቀመጥ አድርገናል።

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ቀና አሉ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው፣ እትዬ።»

ሰውነታቸውን ደግፌ ላነሣቸው እጄን ስዘረጋ አልያዙትም። ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ፣ ወረቀቱን አጣጥፈው መልሰው ከተቱና ብቻቸውን ወጡ። ተከትያቸው ታክሲ ተራ ስደርስ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በሩን ዘጉ። እስከ ኮልፌ በሌላ ታክሲ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ጆንያቸውን ሰብስበው ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ሳምንት እንዲያ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ተሻግሬ ሰላም ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አያናግሩኝም። ጋሽ መኰንን ሊያስታርቁን መጥተው ነበር። እሳቸውንም አላናገሯቸውም። ይጥላቸዋል ብለን የፈራነው ደም ግፊታቸው አልጣላቸውም። ይህ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ አንድ ጠዋት መንገዱን ተሻግረው ገቡ። ደብተርና እስክሪፕቶ ገዝተዋል።

«ጻፍ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

«መጀመሪያ አለሁ በል። ሁለተኛ፣ ያልጻፍኩልሽ ስላላወቅኩ ነው በል። ሦስተኛ...» እዚህ ላይ ቆሙ። «ሻንጣዋን በእጄ ዳስሼ ስፌቱን አውቄ ዝም ማለቴን ጻፍ።»

«ይቅር በይኝ ልበል?»

«አትበል። ዳስሼ ዝም አልኩ ብቻ በል። የቀረውን ራሷ ታውቃለች።»

ደብዳቤውን ለቤዛ ወሰድኩላት። በቻይንኛ ገልብጣ ላከችው። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። ሜሮን እዚያው በለመደችው ቻይንኛ ነው የጻፈችው። ቤዛ ኮልፌ ድረስ መጥታ በሥራ ቤቱ ውስጥ አነበበችልን።

«እማዬ፣ በየወሩ ደብዳቤ የመጣላቸው ስም ሲጠራ ቆሜ እሰማ ነበር። የእኔ ስም አይጠራም። ሞተሻል ብዬ አመንኩ። ሞተሽ ማንም አልነገረኝም ብዬ ነው ሳለቅስ የኖርኩት። ሻንጣውን እኔም ዳስሼው ነበር።»

እትዬ ብርቄ ቤዛን የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አስነበቧት። «ሁለታችንም» አሉ። ያን ቀንም ጆንያቸውን ወደ ድሮው ድንጋያቸው መለሱ።

ሁለቱ ዓመት ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ መለወጡን ሜሮን ጻፈች። እሑድ እትዬ ብርቄ ቤተ ክርስቲያን ጠሩኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ገብቼባት አላውቅም ነበር። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ወደ ፊት ወጥተው ማይክራፎኑን ያዙ።

«ልጄ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት» አሉ። «ጌታ ይመስገን።»

ከመዘምራኑ አንዷ እልል ልትል ጀምራ መሀል ላይ ድምጿ ተቆረጠ። ሰው እልል ይበል ወይ ያልቅስ አላወቀም። እትዬ ብርቄ እዚያው ቆመው ይጠብቃሉ። እኔም ከኋላ ወንበር ተነሥቼ፣ በማላውቀው ቤት፣ አጨበጨብኩ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ የኖሩት አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። በየወሩ አንድ ደብዳቤ እየነገሩኝ እጽፍ ነበር። ስለ ጆንያ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናብ። ልጃቸውን ዳግም በዓይናቸው እንደማያዩ ያውቁ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሲያስጽፉኝ ድንገት አቁመው፣ «ፊቷን እየረሳሁት ነው፣ ታምራት። ይህን እንዳትጽፍ» አሉኝ። እሱን አልጻፍኩም።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጋሽ መኰንን ከድንኳኑ ወጣ አድርገው አናገሩኝ።

«ደብዳቤውን እንዳታቋርጥ» አሉኝ። «በእሷ ስም ጻፍ። አነጋገሯን ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ልጅቷ በምን ታውቃለች?»

እውነት ነው፤ እችል ነበር። አነጋገራቸው ጆሮዬ ውስጥ ነው። ዓመታት መጻፍ እችላለሁ።

«ጋሽ መኰንን፣ አልችልም» አልኳቸው።

ጋሽ መኰንን አለቀሱ። «እዚያ ሰው በሌለበት፣ ማን እጇን ይዟት ትስማው? እስቲ ንገረኝ።»

ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል።

በማግሥቱ ተቀምጬ ጻፍኩ። «ሜሮን፣ ይህን የምጽፍልሽ እኔ ታምራት ነኝ። እናትሽ ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል» ብዬ ጀመርኩ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ማን እንዳጠባቸው፣ ምን እንደ ለበሱ፣ ማን ማን እንደ መጣ፣ የት እንደ ተቀበሩ፣ መቃብሩ ከየትኛው ዛፍ ምን ያህል እንደሚርቅ ጻፍኩ። ስታለቅስ የምትይዘው ነገር እንዳታጣ ብዬ ነው። ቤዛ አንብባ ስትጨርስ እስክሪፕቶዋን አነሣች።

«እንዳለ ልተርጉመው?» አለችኝ።

«እንዳለ።»

ፖስታ ቤት የወሰድኩት ዛሬ ነው። እስኪደርሳት ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ እዚያ አገር እትዬ ብርቄ በሕይወት አሉ።